ዛፍ ቆጥረን ቁጥቋጦ ስንጥል፦ የወሎ ደጋ ደን ነፍሳት በል ወፎች ጉዳይ

ክረምት በገባ ቁጥር ከወሎ የሚሰማው ዜና የችግኝ ዜና ነው። ይህን ያህል ሚሊዮን ተተከለ፣ ይህን ያህል በመቶው ጸደቀ ይባላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ የሥራው ዋና መለኪያ ሆኗል። ከዛፉ ሥር ያለውን ግን ማንም አይቆጥረውም። ቁጥቋጦው፣ ሐረጉ፣ የረገፈው ቅጠል፣ የበሰበሰው ግንድና በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚርመሰመሰው ትል በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ ዓምድ የለውም። የደጋው ደን ትናንሽ ወፎች የሚኖሩት ግን እዚያ በማይቆጠረው ላይ ነው። አንድ ተራራ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ውስጡ ወፍ አልባ ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው።

በወሎ ወፍ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰው ግሪሳ ነው፤ በቆላው ማሽላ ላይ እየሰፈረ ልጆችን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ የሚያስውለው። ወይም ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ አዲስ ላባ ለብሶ ብቅ የሚለው የመስቀል ወፍ። ሁለቱም ዘር ለቃሚዎች ናቸው፤ መንቁራቸው አጭርና ወፍራም፣ ፍሬ ለመፈልፈል የተሠራ ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው ወፎች ግን መንቁራቸው ቀጭን ነው፤ እህል አይነኩም። ከማሳው ዳር ባለው ደን ውስጥ ተሸሽገው ትል፣ ዝንብ፣ ጢንዚዛ፣ ሸረሪትና የምስጥ አሸን ይለቅማሉ። ገበሬው አያማርርባቸውም፤ በዚያው ልክ ሲጠፉም ልብ አይልም።

ለምሳሌ በእንግሊዝኛ አጠራሯ አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር የምትባለውን ግራጫዋን ዝንብ አዳኝ እንውሰድ። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ጊዜውም 1840 እ.ኤ.አ. ነበር። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀርባዋ ቡናማ ቀመስ ግራጫ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ፣ ዓይኗ ደግሞ ነጣ ያለ ቢጫ። ይህ ዓይኗ በአቅራቢያ ላያት ሰው ከሌሎቹ ለመለየት ትልቅ ምልክት ነው። ጫጩቶቿ ጠቃጠቆ ስላለባቸው ሌላ ዓይነት ወፍ መስለው ያደናግራሉ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጥና መሬቱንና አየሩን ትቃኛለች። ነፍሳቱ ሲንቀሳቀስ ዱብ ብላ ወይም ብር ብላ ይዛው ወደ ቅርንጫፏ፣ አለዚያም ጎኑ ወዳለው ሌላ ቅርንጫፍ ትመለሳለች። ዘዴዋ ይኸው ነው። እንደሚታየው ደግሞ ሁለት ነገር የግድ ይላል፦ ዝቅ ያለ መቀመጫ ቅርንጫፍና ነፍሳት ያለበት መሬት። ግንዱ እስከ አሥር ሜትር ድረስ ልሙጥ የሆነና ሥሩ የተጠረገ ዛፍ ሁለቱንም አይሰጣትም።

ጎረቤቶቿ ሌላ ሌላ ሥፍራ ይዘዋል። መላ ሰውነቷ ጥቁር፣ ጀርባዋ ነጣ ያለው ትንሿ ወፍ፣ እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት፣ ቅርንጫፍና የግንድ ልጣጭ ትፈትሻለች። ኮሶ ልጣጩ እየተቀረፈ የሚነሣ ዛፍ በመሆኑ፣ ጽድም ሽበት (ከቅርንጫፉ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው) ስለሚበቅልበት፣ ከልጣጩና ከሽበቱ ሥር የሚደበቁት ሸረሪቶችና እጮች ምግቧ ናቸው። ጎጆዋን የምትሠራው ጉድጓድ ባለው ግንድ ውስጥ ስለሆነ የደረቀ ወይም ያረጀ ዛፍ ከሌለ መፈልፈያ የላትም። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህለው ቡናማዋ የደን ዘማሪ ቅጠል በቅጠል እያገላበጠች ከደኑ በላይ እስካለው የአስታ ቁጥቋጦ ቀበቶ ድረስ ትወጣለች። በሩፔል ስም የምትጠራው፣ ሆዷ ብርቱካናማና ቅንድቧ ነጭ የሆነችው ወፍ ደግሞ ከቁጥቋጦ ሥር ሳትወጣ ቅጠል እየጫረች ትውላለች፤ የሌሎችን ወፎች ድምፅ መቅዳት ትወዳለች፤ ማለዳና ምሽት ላይ ነው የምትሰማው። ጭራው ረጅሙና ቀዩ ወፍ፣ ብዙ ሰው አይቶት የሚያደንቀው፣ ከቅጠል መሐል የሚነሣውን ዝንብ በአየር ላይ ይቀልባል። አንድ ደን ለእነዚህ ወፎች እንደ ፎቅ ቤት ነው፤ ምድር ቤቱ የረገፈ ቅጠል፣ አንደኛው ፎቅ ቁጥቋጦ፣ ሁለተኛው የመካከለኛ ዛፎች ቅርንጫፍ፣ ላይኛው ጣሪያ። በወሎ የፈረሱት ፎቆች የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ምግቡ ለምን እንዲህ ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። አሥር ግራም የምትመዝን ወፍ የሰውነቷ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሌሊት ወደ ውርጭ ይወርዳል፤ ሌሊቱ ደግሞ 12 ሰዓት ያህል ነው። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ ወፏ ያን ሌሊት የምታልፈው ቀን ባጠራቀመችው ስብ ነው። በግርድፉ በየቀኑ የክብደቷን ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ መብላት አለባት። ሁለት ቀን በቂ ነፍሳት ካጣች ሦስተኛውን ሌሊት ማደሯ ያጠራጥራል። ዘር በል ወፍ በዚህ ጊዜ ወደ አውድማ ወርዳ ትለቅማለች፤ ነፍሳት በሏ ግን አውድማ የላትም።

ጫጩት ሲኖር ደግሞ ፍላጎቱ ይብሳል። ለጫጩት የሚሆነው ለስላሳ ምግብ ነው፤ ቅርፊቱ የጠነከረ ጢንዚዛ ሳይሆን አረንጓዴ ትል። ትሉ የሚበዛው ቅጠል አዲስ ሲያወጣ፣ ማለትም ዝናብ ተከትሎ ነው። ወሎ የበልግና የክረምት ሁለት ዝናብ ያለው አገር በመሆኑ ቅጠሉም በዓመት ሁለት ጊዜ ይለመልማል። በልግ ሲቀር ገበሬው ገብስ እንደሚያጣ ሁሉ ወፏም አንድ የመራቢያ ዕድል ልታጣ ትችላለች። የሞቃት አገር ተራራ ወፎች በአንድ ጊዜ የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ብቻ ስለሆነ ያጡትን ቶሎ አይተኩም። ከአውሮፓ የሚመጡት ተሰዳጅ ነፍሳት በሎችም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ በዚሁ ማዕድ ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ደኑ ወለል እንውረድ። በደሴ ዙሪያና በኮምቦልቻ ባሉ ደኖች ጠዋት ጠዋት የሚታየው ሥራ ቅጠል መጥረግ ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለምጣድ ጥሩ ማገዶ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ እሳቱም ብርቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሌለው ቤተሰብ ይህን ትቶ ምን ያነድዳል? ስለዚህ ጠራጊዋን መውቀስ ነገሩን አለማወቅ ነው። ሆኖም ውጤቱን ማወቅ ይገባል። የረገፈው ቅጠል ከተጠረገ እርጥበት የሚይዝ ነገር አይኖርም፤ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት በጎርፍ ይታጠባል። በቅጠሉ ሥር የሚኖሩት እጮች፣ ሸረሪቶች፣ ምስጥና የአፈር ትሎች ይጠፋሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍየል አለ። ፍየል በኋላ እግሩ ቆሞ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለውን ቅጠል ሁሉ ይላጨዋል፤ ከዚያ በታች ያለው የደን ክፍል ባዶ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ደን ዳር ቆሞ ውስጡን ሲመለከቱ ሃምሳና ስልሳ ሜትር ርቆ ያለ ሰው እግሩ ከታየ፣ የቅጠል ጫሪዎቹ ወፎች እዚያ እንደሌሉ ያለ ምንም መሣሪያ መገመት ይቻላል።

ባሕር ዛፍ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ግማሹ ግን የተጋነነ ነው። ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው በማገዶ እጦት ምክንያት ነበር፤ ዛሬም ጥቂት የጽድና የወይራ ደን የተረፈው ባሕር ዛፉ በምትኩ ስለተቆረጠ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አበባውም ለንብና ለአንዳንድ ማር ጠጪ ወፎች ይጠቅማል። ችግሩ ነፍሳቱ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይት የተሞላና ጠንካራ በመሆኑ የአገራችን ትሎች አብዛኞቹ አይደፍሩትም፤ ቅጠሉን መብላት የለመዱት ነፍሳት አብዛኞቹ የቀሩት አውስትራሊያ ነው። ሲረግፍም ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ ውስጥ ዛፍ ሞልቶ ትል የለም። የፈረንጅ ጽድ ጉዳይ ይለያል፤ እሱ ወፉን የሚያስርበው በጥላው ነው። በ2 ሜትር ልዩነት ሲተከል በሄክታር 2,500 ዛፍ ይሆናል፤ ሳይሳሳ ከቀረ ጣሪያው ይገጥምና ብርሃን ወደ ታች አይወርድም። ሥሩ ቡናማ የቅጠል ምንጣፍ እንጂ አንድ ቁጥቋጦ አይታይበትም።

ወሎ ይህን ዓይነት ደን የተከለው በሰፊው በ1970ዎቹ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ በምግብ ለሥራ ተራራ ተከለለ፣ እርከን ተሠራ፣ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተተከለው ብዙው በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ፤ ሕዝቡ የእኔ ነው ብሎ ስላላሰበው። ከዚያ ዘመን የተረፉት ዛሬ ትልልቅ ዛፎች ናቸው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የይጎፍ ደን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ የተተከለ ደንና የተፈጥሮ ደን ጎን ለጎን ስለሚገኙበት ልዩነቱን በአንድ ማለዳ የእግር ጉዞ መስማት ይቻላል። መስማት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከወይራና ከጥቁር እንጨት ወደ ተጠጋጋው የፈረንጅ ጽድ ሲገቡ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው።

ሌላው ችግር መቆራረጥ ነው። በወሎ ከተረፈው አገር በቀል ደን ብዙው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በመቃብር ዙሪያ፣ በገደልና በፈፋ ውስጥ ተበጣጥሶ ያለ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን የመሰሉ ጥንታዊ ገዳማት፣ በየገጠሩ ያሉ የሼሆች መካነ መቃብሮች፣ በልማድ ስለተከበሩ ብቻ የቆሙ ዛፎች አሏቸው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ስፋቱን በጥንቃቄ ማየት ያሻል። ነፋስ፣ ፀሐይ፣ ከብትና የጎረቤት ማሳ መድኃኒት ከዳር ወደ ውስጥ 50 ሜትር ድረስ ደኑን ይለውጡታል ብለን እንነሣ። ክብ ቅርጽ ያለው 2 ሄክታር ደን ከመሐሉ እስከ ዳሩ 80 ሜትር ነው፤ 50ው ሜትር ዳር ሲሆን የሚቀረው የውስጥ ደን 0.28 ሄክታር ብቻ ነው፤ ከመቶ 14። አሥር ሄክታር ያለው አንድ ደን ግን 5.2 ሄክታር የውስጥ ደን ይኖረዋል። እንግዲህ 2 ሄክታር ያላቸው አምስት ደኖች ሲደመሩ ከአንዱ ባለ 10 ሄክታር ደን ጋር በስፋት እኩል ናቸው፤ የውስጥ ደናቸው ግን ሁሉም ተደምሮ 1.4 ሄክታር ነው። አርባ ሜትር ስፋትና 500 ሜትር ርዝመት ያለው ደን ደግሞ እሱም 2 ሄክታር ነው፤ የውስጥ ደን ግን ጨርሶ የለውም፤ ሁለመናው ዳር ነው። በመሐል የሚያልፍ ሰፊ መንገድም ሁለት አዲስ ዳር ይፈጥራል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ ቦታው ከደኑ መሐል ሳይሆን ከዳር እንዲመረጥ መምከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የደን ውስጥ ወፎች ግልጥ ቦታ ይፈራሉ። ጭልፊት አለ፤ መሸሸጊያ የለም። ብዙዎቹ ሃምሳና መቶ ሜትር ባዶ ማሳ አቋርጠው ወደ ሌላ ደን ለመሻገር ያመነታሉ። በአንድ ትንሽ ደን ውስጥ አምስት ጥንድ ቢኖሩና አንድ መጥፎ ዓመት ሦስቱን ቢገድል፣ ከሌላ ደን የሚተካ ካልመጣ በጥቂት ዓመት ዝርያው ከዚያ ደን ይጠፋል። ዛፉ ቆሞ ወፉ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ግራጫዋ ዝንብ አዳኝ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ትሻላለች፤ የደን ዳርና ዛፍ የበዛበት ግቢም ትደፍራለች። ስለዚህ እሷን ብቻ አይቶ «ወፍ አለ» ማለት ያሳስታል። መታየት ያለባቸው ከቁጥቋጦ የማይወጡት ናቸው።

የአየር ሙቀት ጉዳይ በወሎ የራሱ መልክ አለው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት አንድ ዲግሪ ቢጨምር የድሮውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 170 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ከግርጌው እስከ ጫፉ 1,000 ሜትር የሆነ ሾጣጣ ተራራ ብንወስድ፣ 170 ሜትር መውጣት ከቦታው 30 በመቶ ያህሉን ያሳጣል። ይህ በየትኛውም የሞቃት አገር ተራራ ያለ ሒሳብ ነው። ወሎ ላይ የሚጨመረው ነገር አለ፦ ደኑ ያለው ከተራራው ወገብ ላይ ነው፣ ከደኑ በላይ ግን ገብስ ታርሷል። በብዙ የደጋ ወረዳዎች እርሻው ውርጭ እስከሚከለክለው ድረስ ወጥቷል። ወፏ ወደ ላይ ልሽሽ ብትል የሚጠብቃት ደን ሳይሆን ማሳ ነው። ከግርጌ እስከ ጫፍ የተያያዘ አትክልት የቀረባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በቦረና ሳይንት የሚገኘው የደንቆሮ ደን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከታች የወይራና የጽድ ደን፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ ተከታትለው ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላሉበት ስሙ በእነሱ ይነሣል፤ ለትናንሽ ወፎች ያለው ጥቅም ግን በዚህ መሰላልነቱ ነው። ላስታ ውስጥ 4,260 ሜትር የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍም ከአስታው በላይ ሰፊ ቦታ አለው፤ ከአስታው በታች ግን እርሻው ቆርጦታል።

ስለ ፀረ ተባይ አጠር አድርገን እንለፍ፤ ነገሩ ግልጽ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲመታ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ በአውሮፕላንና በእጅ ተረጭቷል፤ አስገዳጅ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የገባው መጤ ተምችም በበቆሎና በማሽላ ላይ መርጨትን አስለምዷል፤ ጫት በተስፋፋባቸው ወይና ደጋ ቀበሌዎችም ርጭት የተለመደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ተምቹን ለይተው አይገድሉም። የተረጨ ትል ወዲያው አይሞትም፤ እየተንፈራገጠ ይቆያል፤ ለወፍ ደግሞ ከዚህ የቀለለ አደን የለም። ዛፍ ዳር ያለ ማሳ ማለዳ ከተረጨ ወፎቹ ቁርሳቸውን ከመርዙ ጋር ይወስዳሉ። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ነፋስ በሌለበት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መርጨት፤ ከደኑ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር መተው፤ ተምቹ በቆሎው አናት ውስጥ ስለሚደበቅ ማሳውን ሁሉ ከማጥለቅለቅ በእያንዳንዱ አናት ላይ ማነጣጠር። የመጨረሻው መድኃኒትም ገንዘብም ይቆጥባል፤ ገበሬው የሚቀበለውም በዚህ ምክንያት እንጂ ስለ ወፍ ብሎ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚያፈራው መከለል ነው። በደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ተክቦ የታየው ውጤት በወሎ የማይሠራበት ምክንያት የለም፤ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል። ካቡ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ዋናው ነገር ካቡ የሚሠራበት መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ዛፉ ባለቀበት ላይ ይሠራና ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ቀለበት ቀጋ፣ አጋም፣ ድግጣና ክትክታ ይበቅላሉ፤ ከእሾሁ ሥር ደግሞ ወፎች የጣሉት የወይራና የጽድ ዘር ይነሣል። ካብ የሚሸነፈው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በሩ ላይ፤ በቀብርና በዓመት በዓል ቀን ተከፍቶ ይቀርና ፍየል ይገባል። ራሱ የሚዘጋ፣ ማለትም በክብደቱ የሚመለስ በር ይሻላል። ሁለተኛው የላይኛው ረድፍ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተነባበረበት ለፍየል መወጣጫ ይሆናል። ክብና ሾጣጣ ድንጋይ መደርደር፣ ከተቻለ የግራር እሾህ መጣል ያስፈልጋል።

በተከለሉ ተዳፋቶች ሣር አጭዶ መውሰድ መፈቀዱ ትክክል ነው፤ ጥቅም የሌለበት ክልከላ በ1983 ምን እንደደረሰበት አይተናል። ግን አጫጁ ሣሩን ሲያጭድ የአንድ ዓመት የወይራ ቡቃያ አብሮ ይሄዳል። ከማጨዱ በፊት ቡቃያው አጠገብ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት መትከል ይህን ያስቀራል። አጨዳውም ሣሩ ዘሩን ከጣለ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ቢሆን ጎጆዎቹ በአብዛኛው ተለቅቀው ይሆናሉ።

የፈረንጅ ጽዱ ሥር ባዶ ለሆነበት ደን መድኃኒቱ ማሳሳት ነው፤ ዛፉን ጨርሶ መጣል አይደለም። ሲሶውን ያህል፣ ቀጫጭኑንና ጠማማውን ቀድሞ ማውጣት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መድገም። ብርሃን ሲወርድ አገር በቀሉ ራሱ ይነሣል፤ በአቅራቢያ የዘር ምንጭ ካለ መትከል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በአንድ ጊዜ ግማሹን ማውጣት ግን ነፋስ የቀሩትን እንዲጥል ይጋብዛል፤ በተለይ በቀጫጭኑ። የወጣው እንጨት ሲሸጥ ከየሄክታሩ አራት አምስት የደረቀ ግንድ ቆሞ እንዲቀር፣ የተቆረጠው ጭራሮም ግማሹ እዚያው ተከምሮ እንዲበሰብስ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አይቀርም።

ቅጠል መጥረግን በተመለከተ ሙሉ ክልከላ አይሠራም። ደኑን በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ብቻ ማስጠረግ ግን በጠራጊዎቹም ዘንድ ሚዛናዊ ነው፤ ያልተጠረጉት ሦስቱ ክፍሎች የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት የተጠራቀመ ቅጠል ይኖራቸዋል። ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ቅጠል ነፃ ማድረግና አገር በቀሉን መጠበቅ ደግሞ ከዚህም የተሻለ ስምምነት ነው፤ ለምጣዱም የሚመረጠው የባሕር ዛፉ ነው።

ሁለት ደኖችን ማገናኘት ሲታሰብ ሰፊ መሬት መጠየቅ አያስፈልግም፤ መሬት የሚሰጥ ገበሬም አይገኝም። ፈፋው አለ። ለእርሻ የማይሆነውን የፈፋውን ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር ከግጦሽ መጠበቅና በድንበር ላይ ቀጋ፣ አጋም፣ ግራዋና ብሳና ማጠጋጋት ለቁጥቋጦ ወፍ መሻገሪያ ይሆናል። ክፍተቱ ከ50 ሜትር እንዳይበልጥ ማየት ነው። ባሕር ዛፍ በፈፋ ዳር መትከል ግን ውኃውንም ቁጥቋጦውንም ስለሚያሳጣ እዚያ ቦታ የለውም።

ይህ ሁሉ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በመቁጠር ነው፤ ለመቁጠር ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በደኑ ውስጥ በ200 ሜትር ልዩነት ነጥቦች ይመረጣሉ፤ ለትንሽ ደን አንድ ወይም ሁለት ይበቃሉ። ቆጣሪው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነጥቡ ላይ ይደርሳል፤ ወፎቹ እንዲረጋጉ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይመዘግባል፤ በ25 ሜትር ውስጥ ያሉትን ለብቻ፣ ከዚያ የራቁትን ለብቻ። ዝናብና ነፋስ ካለ ይተወዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በበጋ አንዱ ከዝናብ በኋላ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ሰው። የተለመዱት ስሕተቶች ሦስት ናቸው፦ ከረፋዱ በኋላ መሄድ፣ ድምፅ ሳያውቁ በዓይን ብቻ መቁጠር፣ በአንድ ዓመት ጎበዝ ቆጣሪ በሌላው ጀማሪ ልኮ ልዩነቱን የወፍ ለውጥ ነው ማለት። ድምፅ የማይለይ ሰው በስልኩ 10 ደቂቃውን ቀድቶ ለሚያውቅ ቢያሰማ ይበቃል።

ቁጥቋጦውን ለመለካት ሦስት ሜትር ሸምበቆ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ተደርጎበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በየክፍሉ ቅጠል ነካው ወይስ አልነካውም ተብሎ ይጻፋል። በአንድ ደን 30 ቦታ ቢደረግ የታችኛው ፎቅ ምን ያህል እንደሞላ በመቶኛ ይወጣል። የአደኑን ብርታት ለማወቅ ደግሞ ልጆች የሚጫወቱበትን አረንጓዴ ፕላስቲሲን 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና የክብሪት እንጨት ዕጥፍ ውፍረት ባለው ትል መልክ አድቦልቡሎ በቅጠል ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሲታይ የወፍ መንቁር ሹል የመውጋት ወይም የጥንድ መስመር ምልክት ይተዋል፤ አይጥ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ የጥርስ ቦዮች፣ ጉንዳን ደግሞ ጥቃቅን ጭረት። ከመቶ ሰው ሠራሽ ትሎች ስንቱ በወፍ እንደተነካ ተቆጥሮ ከተከለለውና ካልተከለለው ደን ይነጻጸራል።

በሦስተኛው ዓመት የሸምበቆው መቶኛ ከፍ ብሎ የወፉ ቁጥር ካልተነሣ ደኑ ተነጥሎ የቀረ ነውና ወደ ፈፋው መሄድ ነው። ሸምበቆውም ካልተነሣ መጀመሪያ የሚፈተሸው የካቡ በር ነው።